የገሃድ ዕለት ጨው

አንዲት ሴት ነበረች። ባለሙያ ነበረች። በዚያ ደብር ሠርግ ተደግሶ ወጡ ከቀጠነ፣ ተዝካር ወጥቶ ጠላው ከኮመጠጠ፣ ሰው ሁሉ «ምነው እሷን በጠሩ ኖሮ» ይል ነበር።

የእሷን ነገር የምነግርሽ አንቺ ስለጠየቅሽኝ ነው፣ ወለተ ጻድቅ። «አባ፣ የገና ለት ሰው ሁሉ ሲያስቀድስ እኔ ድስት ሥር ነው የማነጋው። ከዓመት እስከ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ወገቤ ይቆረጣል፣ ሆዴም ይብሳል። ይህ ድካሜ ከጸሎት ይቆጠርልኛል ወይ?» ብለሽኛል። ጥያቄሽ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። በአንድ ቃል ልመልስልሽ እችል ነበር፤ ግን በአንድ ቃል የተመለሰ ነገር ደጀ ሰላሙን ሳይሻገር ይረሳል። ስለዚህ ነጠላሽን ሰብስበሽ ተቀመጪና ስሚኝ።

የዚያች ሴት ባል የቤተሰቡ ታላቅ ነበር። በገና ጠዋት ወንድም እኅት፣ ልጅ ከነልጅ ልጁ፣ ጾም የሚፈታው በእሱ ቤት ነው። ያን ሁሉ ሰው የምታበላ እሷ ናት። ይህም ክብሯ ነበር። ሌላ ክብር አልነበራት፤ አልፈለገችምም።

ደጇ ከአንዲት ሙስሊም ጎረቤቷ ደጅ የሚለየው በአጥር ብቻ ነው። ጎረቤቷ ሩቅያ ትባላለች። ሁለቱ ሴቶች ማንም ያላስተማራቸው አንድ ልማድ ነበራቸው። እንደምታውቂው የገና ዋዜማ ገሃድ ነው፤ እህልም ውኃም አይቀመስም። የምትሠራው ሴት ቅቤውን ታነጥራለች፣ ሽንኩርቱን ታቁላላለች፣ ዶሮውን በየብልቱ ታወጣለች፤ ጣቷን ግን አትልስም። ጨው የምትጨምረው በግምት ነው፤ ግምት ደግሞ የደከመ ሰው ላይ አይጸናም። ሩቅያ ያን ቀን ጾም የለባትም። ስለዚህ ቁሌቱ ሲደርስ፣ ዶሮው ገና ድስት ሳይገባ፣ ባለሙያዋ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ሩቅያ፣ ነይ ቅመሽልኝ» ትላታለች። ሩቅያ ትመጣና ከማማሰያው ላይ መዳፏ ውስጥ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። «ጥቂት ጨምሪ» ትላለች፤ ወይም «ተይው፣ ደርሷል» ትላለች። ለእሷም ሥጋ ሳይነካው በትንሽ ድስት ይቀነስላታል፤ በበዓሉ ጠዋት «እንኳን አደረሳችሁ» ልትል ስትመጣ በእንቁላል ትበላዋለች። በሮመዳን ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ሩቅያ ሾርባዋን ጥዳ ትጣራለች፣ ክርስቲያኗ ሄዳ ትቀምስላታለች። ሁለቱ ጾም የገጠሙ ዓመት ምን ያደርጉ እንደነበር አትጠይቂኝ፤ እኔም አላውቅም። እንዲህ ሆነው ስንት ዘመን ኖሩ።

ታዲያ አንድ ገና፣ ቤቱ ሞልቶ ማዕዱ ቀርቦ ሳለ፣ የባሏ እኅት ጎርሳ ስታበቃ «ወጡስ የእሷ ነው፤ ጨዉ ግን የሩቅያ ነው» አለች። ቀልድ የምትወድ ሴት ነበረች። ቤቱ ሳቀ። ሩቅያም ሳቀች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ቀልደኛዋ ነገሩን እዚያው ረሳችው። ባለሙያዋም አብራ ሳቀች። ቃሉ ግን ከሳቁ በኋላም ከውስጧ አልወጣም። «ዕድሜዬን ከዚህ እሳት ፊት ጨርሼ፣ ስሜ በቁንጥር ጨው ለሌላ ሊሰጥ ነው?» አለች በልቧ። ዓመቱን ሙሉ ይህን ስታብሰለስል ከረመች።

ቀጣዩ ገና ሲደርስ ቆረጠች። ዘንድሮ ማንም እጁን አያስገባም አለች።

በዚያ ዓመት ልጇ ሚስት አግብቶ ነበር። ምራቲቱ ከሰው ቤት ገብታ የመጀመሪያ በዓሏ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ቦታዋ የት እንደሆነ ገና አላወቀችም። በዋዜማው ጠዋት ቀሚሷን ሰብስባ ማጀት በር ላይ ቆመች።

«እማ፣ ሽንኩርቱን እኔ ልላጠው» አለች።

«ተይ ልጄ፣ ዓይንሽን ያቃጥልሻል።»

«እሺ ዶሮውን ልጠበው።»

«ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ምን በወጣሽ። ሂጂ ከባልሽ ጋር ተጫወቺ።»

አነጋገሯ ማር ነበር። ምራቲቱ ግን ሞኝ አልነበረችም። በማር ተቀብታ ከበር እንደተመለሰች ገብቷታል። ጓዳ ገብታ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ማንም የማይፈልገው እጅ ይዞ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

ባለሙያዋ ብቻዋን ገባችበት። ያን የሽንኩርት ክምር ብቻዋን ላጠች፣ ብቻዋን ከተፈች። ዶሮዎቹን በሎሚና በጨው እያሸች ውኃው እስኪጠራ ደጋግማ አጠበች። ዳቦውን በኮባ ጠቅልላ ደፋች። ጠላውን አጠለለች። ፀሐይ ዘንበል ስትል ወገቧ አልታጠፍ አላት፤ ከጾሙም ጋር ራሷ ዞረ። ያን ጊዜ ማጉረምረም ጀመረች። «ሁሉም ተቀምጦ ይበላል፤ የምቃጠለው እኔ ነኝ። አይዞሽ የሚል እንኳ የለም» እያለች ለብቻዋ ታወራ ነበር። ያባረረቻቸው እሷ መሆኗን ረስታ ነው። ድካም እንዲህ ያደርጋል ልጄ፤ ራሳችን የዘጋነውን በር ሰው የዘጋብን ያስመስልብናል።

ሩቅያ ጥሪው ሲዘገይባት ጊዜ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ዘንድሮ ረሳሽኝ እንዴ?» አለች።

«ኧረ ጨርሼዋለሁ እኮ» አለች ባለሙያዋ ቀና ሳትል።

«ማን ቀመሰልሽ?»

«ግምቱን አውቄዋለሁ፤ አንቺን ምን አደከመሽ።»

ሩቅያ ጭሱን አየች፤ የሽንኩርቱ ሽታ ገና ጥሬ ጥሬ እንደሚል አፍንጫዋ ይነግራታል። ሴት ለሴት ይህ አይሰወርም። «እንግዲያስ ይሁን» ብላ ተመለሰች። በገሃድ ቀን፣ ከእህል ከውኃ ተከልክላ ሳለች፣ ባለሙያዋ ከውሸት አልተከለከለችም።

ቁሌቱ ሲደርስ ጨው ጨመረች። ወዲያው ከጓሮ በኩል የዳቦው ኮባ ሲያር ሸተታት፤ ሮጣ ሄደች፣ ፍሙን ገላለጠች፣ ዳቦውን አዞረች። ተመልሳ ድስቱ ፊት ስትቆም ጨው ዘገነች። ጨምሬያለሁ ወይስ ልጨምር ስል ነው የሮጥኩት? አላወቀችም። ማማሰያውን አወጣች። የጣቷ ጫፍ ላይ ቀይ ወጥ አለ፤ ወደ አፏ ለማድረስ አንድ ስንዝር አይሞላም። ገሃድ ነው። ቀና ብላ ወደ አጥሩ አየች። ሩቅያ ከማዶ ዶሮዎቿን ስትጠራ ድምፅዋ ይሰማል። አንድ ጥሪ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ስሟን መጥራት ብቻ። አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ያለፈው ዓመት ሳቅ መጣባት። አፏን ዘጋችና ጨዉን በተነችው።

ከዚያ እንደ ደንቡ ለሩቅያ በትንሿ ድስት ቀነሰችላት። ልቧ ቢሻክርም ደንብ አታፈርስም ነበር። ዶሮውንም ጨመረች።

ማታ ደወሉ ሲደወል ቤተሰቡ ነጭ ለብሶ ተነሣ። ባሏ «ነይ እንጂ እንሂድ» አላት። «ድስቱን ማን ይጠብቀው?» አለች። ምራቲቱ ደግማ ሞከረች፤ «እማ፣ እኔ ልቅርና አንቺ አስቀድሺ» አለች። «አይሆንም» አለቻት፤ አሁን ማሩም ተሟጦ ነበር። እነሱ ሄዱ፣ እሷ ቀረች። ያቺ ሴት ልደቱን ያሳለፈችው ከጉልቻ ጋር ተፋጥጣ ነው።

ሲነጋ ተመለሱ። ሌሊቱን ቆመው ያደሩ ሰዎች ናቸው፤ ርቧቸዋል፣ ደስ ብሏቸዋል። ማዕዱ ቀረበ፣ ተባረከ። እሷ ቆማ ታስተናግዳለች፤ የሠራች ሴት የምትቀምሰው ከሁሉ በኋላ ነው። ባሏ ቀድሞ ጎረሰ። አኘከ፤ ቆም አለ፤ ዋጠ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«እጅሽ ይባረክ» አለ፤ ዓይኑን ግን ከማዕዱ አላነሣም።

ሌሎቹም ጎረሱ። አንዱ እንጀራ ደረበ፣ አንዷ አይቡን ወደ ራሷ ሳበች፣ የጠላው ማንቆርቆሪያ ቶሎ ቶሎ ይዞር ጀመር። ያቺ ቀልደኛዋ እንኳ ቃል አልተናገረችም። በዚያ ቤት በገና ጠዋት እንዲህ ያለ ጸጥታ ሆኖ አያውቅም። ባለሙያዋ ጸጥታውን የሚጥም ነገር የበላ ሰው ጸጥታ አደረገችው። «ይኸው፣ ብቻዬን» አለች በልቧ። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም።

በዚህ መሀል ሩቅያ ገባች። «እንኳን ለልደቱ አደረሳችሁ» አለች፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» አሏት። ቦታ ለቀቁላት፣ ትንሿ ድስት መጣችላት። ሩቅያ ቆርሳ አጠቀሰችና ቀመሰች። ጉርሻውን ውጣ እንጀራውን መልሳ አስቀመጠች።

«እኅቴ፣ ጨው በዝቶበታል» አለች።

ዝግ ብላ ነው የተናገረችው። በዋዜማው ተጠርታ ቢሆን ኖሮም በዚሁ ድምፅ ነበር የምትለው። የባለሙያዋ ፊት ግን ደም መሰለ።

«ይህ ሁሉ ሰው ሲበላ ጨው በዛ ያለ የለም» አለች። «የእኛን የገና ወጥ አንቺ በምን አወቅሽው?»

በሁለቱ ደጅ መካከል የእኛና የእናንተ ተባብለው አያውቁም ነበር። ሩቅያ ድስቷን ከደነች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ ሁሉንም በዓይኗ ተሰናብታ ወጣች። የከለከላት ሰው አልነበረም።

ባለሙያዋ ወደ ቤተሰቡ ዞረች። «እስቲ እናንተ ተናገሩ፣ ጨው በዝቷል?» አለች። ማንም ቀና አላለም። ባሏ እንጀራውን በጣቱ ይቆራርሳል። በመጨረሻ ያቺ ከማጀት በር የተመለሰችው ምራቷ ተናገረች።

«እማ፣ አንቺን ማን ደፍሮ ይነግርሻል?»

ሴትዮዋ ዝቅ ብላ ከማዕዱ ቆርሳ ጎረሰች። የሚዋጥ አልነበረም። ዙሪያውን አየች። እነዚህ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ቆመው አድረው፣ ያን ሁሉ ቀን የጾሙትን ጾም በዚህ እየፈቱ፣ «እጅሽ ይባረክ» ብለዋታል። ከጨዉ ይልቅ ያ ቃል አቃጠላት። የምትወደድ ይመስላት ነበር፤ የምትፈራ መሆኗን እስከዚያች ሰዓት አላወቀችም። እውነቱን የነገረቻት አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷንም አሁን አባርራታለች።

ሌላ ሴት ብትሆን «ዓይን ነው የበላኝ» ትል ነበር። የእሷም ምላስ ላይ ቃሉ ደርሶ ነበር፤ አላወጣችውም። ማማሰያውን ከእጇ ጣለች፤ በባዶ እግሯ ወጥታ ሄደች። ሩቅያን ደጇን ልትከፍት ስትል ደረሰችባት።

«ሩቅያ፣ ነይ ቅመሽልኝ» አለቻት።

ሩቅያ መዝጊያውን እንደያዘች ቆመች። «ጾሙ ተፈታ እኮ» አለች። «ከእንግዲህ ምላስ አለሽ፤ ምን ላድርግልሽ?»

«ትናንት በገሃድ ቀን የዋሸሽ ምላስ ነው። አላምነውም። አንቺ ነይልኝ።»

ሩቅያ መዝጊያውን ለቀቀች። ሁለቱም አላለቀሱም፤ እንደ እነሱ ያሉ ሴቶች ደጅ ላይ ቆመው አያለቅሱም። ተያይዘው ተመለሱ። ሩቅያም ማጀት እንደገባች «ሽንኩርት ቀርቷል?» አለች። ጨው የበዛበትን ወጥ የሚያድነው ጨው ያልነካው ቁሌት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም።

ሽንኩርት ተቆጠረና ተከፋፈለ አልልሽም፤ ዝም ብሎ መሀል ቤት ተደፋ። ነጭ የለበሰ ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። የባሏ ወንድሞች ማረሻና ሞፈር እንጂ ሽንኩርት ይዘው አያውቁም፤ የሚላጡትን ያህል ይጥሉ ነበር። ምራቲቱ መክተፊያውን ወሰደች። ወፍራም ወፍራም አድርጋ ትከትፈዋለች። ባለሙያዋ አየች። እጇ ልትቀማት ተነሣ። መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከበዓሉ ሥራ ሁሉ የከበዳት ይህን እጇን ይዛ መቀመጧ ነበር።

አዲሱ ቁሌት ሲደርስ ድስቱ ፊት ቆመው ነበር። ጾም የለም፤ ማንም መቅመስ ይችላል። ባለሙያዋ ማማሰያውን ለሩቅያ አቀረበችላት። ሩቅያ ቀመሰች። «አሁን ቀላቅይው» አለች። ለሩቅያም በትንሿ ድስት ተቀነሰላት፣ የቀረው ከዶሮው ጋር ተዋሐደ። ያ ቤተሰብ የገናውን ማዕድ በወጉ የበላው እኩለ ቀን ላይ ነው።

ወጡ እንደ ድሮው አልሆነም፤ አልዋሽሽም። ቀለሙ ፈዘዘ፣ ሽንኩርቱም በደንብ አልበሰለም። ቀልደኛዋ ጎረሰችና ያለ ፍርሃት «ሽንኩርቱ ጥሬ ነው» አለች። ባለሙያዋ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጣ ነበር። «የምራቴ እጅ ነው፤ ትለምደዋለች» አለች። ምራቲቱ ቀና ብላ አየቻትና መብላቷን ቀጠለች።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ ወለተ ጻድቅ።

ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አትጠይቂኝ፤ አንቺ ነሽ። ቅድም ግቢውን ስትገቢ ምራትሽ ከኋላሽ ነበረች። ቅርጫቱን ልትቀበልሽ እጇን ስትዘረጋ «ተይው፣ ይከብድሻል» ስትያት ሰምቻለሁ። ያ የማር ቃል ከየት እንደሚወጣ አውቃለሁ። እሷም ታውቀዋለች፤ አሁንም ደጀ ሰላሙ ላይ ብቻዋን ቆማለች።

ድካሜ ከጸሎት ይቆጠርልኛል ወይ አልሽኝ። የተራበ ያበላ ድካም በከንቱ አይቀርም፤ ከፈጣሪ ዘንድ የሚጠፋ ላብ የለም። ወገብሽ መቆረጡንም አልንቅብሽም፤ እናቴ እንደ አንቺ ነበረች። ነገር ግን መለኪያውን ስተሻል። ጸሎትን ቤትሽን ዘግተሽ ብቻሽን ትጸልዪዋለሽ። የበዓል ማዕድ ግን ከዚያ ወገን አይደለም፤ ከቅዳሴ ወገን ነው። ቅዳሴን ደግሞ እኔን ጠይቂኝ። በክህነት ሸብቻለሁ። ዜማውን ከነምልክቱ አውቀዋለሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳልስት ልዘልቀው እችላለሁ። ሆኖም ሁለት ካህናት ከሦስት ዲያቆናት ጋር ካልተሟላን አልቀድስም። ከዲያቆናቱ አንዱ ትናንት የተሾመ፣ ዜማው የሚሰበርበት፣ ቃጭሉን ያለ ቦታው የሚመታ ሊሆን ይችላል። ስንቴ ከንፈሬን ነክሼ አልፌዋለሁ። እሱ ከጎደለ መሥዋዕቱ አይቀርብም፤ ሕዝቡም እኔም ቆመን እንቀራለን። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ሲሠሩ የካህን እጅ አጥተው አይደለም፤ የካህንን ልብ ስለሚያውቁ ነው።

ለእኔ በመቅደሱ ያልተፈቀደልኝን፣ ልጄ፣ ለአንቺ በማጀትሽ ማን ፈቀደልሽ?